ተነሺ

እንግሊዞች አንድ ጠባይ አላቸው። አንዲት ትንሽ ግሥ ይይዙና ከኋላዋ ጭራ ይቀጥሉላታል። ጭራዋ በተለወጠች ቁጥር የግሧም ትርጉም አብሮ ይለወጣል። «ፒክ» ብቻዋን ስትቆም መልቀም፣ መምረጥ ማለት ናት። «አፕ» የምትባለውን ጭራ ሲቀጥሉላት ግን የማትገባበት ቤት የለም። የወደቀ መሐረብ ከመሬት ማንሣት ፒክ አፕ ነው። የሚጮኽ ስልክ ማንሣት ፒክ አፕ ነው። ባለመኪና መንገደኛውን ከቆመበት ቢወስደው እሱም ፒክ አፕ ነው። ቋንቋን ያለ አስተማሪ ከሰው አፍ ለቅሞ መልመድ፣ ጉንፋን ከሰው መያዝ፣ የቀዘቀዘ ገበያ መልሶ መሟሟቅ፣ ሁሉም በዚህችው ቃል ይጠራሉ። ያም አልበቃ ብሎ የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 ሞዴል ቲ ለተባለው መኪናው ከኋላ ክፍት የዕቃ መጫኛ ገጥሞለት በዚሁ ስም ለገበያ አቀረበው። ግሡ መኪና ሆነና አረፈው።

መርካቶ ቃሉን የሚያውቀው በዚህ በመጨረሻው ትርጉሙ ነው። አውቶቡስ ተራ መሐል ቆመው «ፒክ አፕ» ቢሉ፣ ሰው ዘወር ብሎ የሚፈልገው ዕቃ የሚጭን ቶዮታ ነው እንጂ የሰዋስው ትምህርት አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ ግን ፈተና ደርሶበት ኖሮ አንድ ምሽት የእንግሊዝኛ ደብተሩን ይዞ መጣና «ይህን ሁሉ ትርጉም እንዴት አድርጌ ነው በቃሌ የምይዘው?» ብሎ አማረረ። «አንተ እኮ ከዚህ የባሰውን ሳታጠናው ታውቀዋለህ» አልኩት። አላመነኝም። አንባቢም ላያምነኝ ይችላልና ቆጥሬ ላሳይ።

እኛ ጭራ አንቀጥልም። አማርኛ ሥራውን የሚሠራው ከግሡ ራስ ላይ ነው። «ነሣ» ብለን እንነሣ። «አ» ስናስቀድምለት አነሣ፣ «ተ» ስናስቀድምለት ተነሣ፣ «አስ» ስናስቀድምለት አስነሣ ይሆናል። መሐሉን ደገም ብናደርገው ደግሞ አነሣሣና ተነሣሣ ይወጡታል። ሥሩ ግዕዝ ነው። በግዕዝ «ነሥአ» ማለት ወሰደ፣ ተቀበለ፣ አነሣ ሲሆን «ተንሥአ» ደግሞ ተነሣ፣ ብድግ አለ ማለት ነው። «ትንሣኤ» የወጣው ከዚያ ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴ ጊዜ የተቀመጠውን ምእመን «ተንሥኡ» የሚለው በዚሁ ቃል ነው። የዕብራይስጥ ቋንቋም ከዚህ ሥር ተሸከመ፣ ከፍ አደረገ የሚል ግሥ አለው። ፊደል የሚጠነቅቁ የድሮ ሰዎች ቃሉን በእሳቱ ሰ ሳይሆን በንጉሡ ሠ መጻፍ አለበት የሚሉትም በዚህ የተነሣ ነው። እነሆ፣ ቃሉ ገና ቆጠራውን ሳልጀምር ሾልኮ ገባ፤ «በዚህ የተነሣ» ስንል ለምክንያት እንኳ ስም ያዋስነው እሱ ነው።

«አነሣ»ን እንውሰድ። ዕቃ ይነሣል፤ ስልክ ይነሣል፤ መንገድ ዳር የቆመ ተሳፋሪ ይነሣል። እስከዚህ ድረስ ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን ነን። ከዚያ በኋላ ግን የየራሳችንን መንገድ እንይዛለን። ፎቶግራፍ አንሺ መልካችንን ያነሣል። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ይነሣል፤ ጨዋታ ላይ የሌለ ሰው ስም ይነሣል። «እሱን ሰውዬ አታንሣብኝ» ሲባል ከተኛበት ብድግ አታድርገው ማለት እንዳልሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ማኅበርተኛ ጽዋ ያነሣል፤ አሸናፊ ቡድን ዋንጫ ያነሣል፤ የሸፈተ ሰው ጦር ያነሣል። ሕፃን ክርስትና ይነሣል፤ ተቀብሎ የሚያቅፈውም ሰው ክርስትና አነሣው ይባልና እስከ ዕድሜ ልኩ አባት ይሆነዋል። በመጨረሻም ሰው ሲሞት አስከሬኑ ይነሣል። ከጥምቀት እስከ መቃብር ድረስ አንዲት ግሥ ተሸክማን ትሄዳለች ማለት ነው።

«ተነሣ» ደግሞ የባሰ ነው። ከእንቅልፍ ይነሡበታል፤ ከሕመም ይነሡበታል፤ ከሞት ይነሡበታል። ነፋስ ይነሣል፤ እሳት ይነሣል። የሚገርመው ቃሉ መምጣትንም መሄድንም እኩል መሸከሙ ነው። ጀግና ተነሣ ስንል ብቅ አለ ማለታችን ነው። ሚኒስትሩ ከቦታቸው ተነሡ ስንል ሄዱ ማለታችን ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አዋጁ ተነሣ። ተቃውሞው ሲነሣ መጀመሩ ነበር፤ አዋጁ ሲነሣ ማብቃቱ ነበር። ዜናውን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ግን አንዱን ከሌላው ጋር አላምታታም።

እንዲህ ያለውን ነገር ለመያዝ መዝገበ ቃላት ብዙ ደክሟል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር እያስገባ የሚያሳየው በከንቱ አይደለም። የአገባብ መዝገበ ቃላት ነው። በዚያው ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገበ ቃላት ወጥቶ ስንት ተማሪ ተጠቅሞበታል። እኔ ግን ይህን ግሥ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የተማርኩት ከአባቴ ነው።

አባቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጅማም ሆነ ወደ ወሎ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ የሚሳፈረው ከአውቶቡስ ተራ ነበር። ከሩቅ የመጣው በአካባቢው ርካሽ አልጋ ተከራይቶ ያድራል፤ አልጋ ያጣው ጓዙን ተንተርሶ ግንብ ሥር ያነጋል። አባቴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣሉ። ከራጉኤል ደወል፣ ከአንዋር መስጊድ አዛን ሳይሰማ እሳቸው ከፖርቶ መጋላው ላይ ወጥተዋል። «አንሣልኝ!» ይላሉ ለተሸካሚው። ሻንጣው፣ ፍራሹ፣ በጆንያ የታሰረው ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይነሣል። ከዚያ ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሣል። በክረምት ብርድ አልነሣ ያለ እንደሆነ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ሁሉም ሞልቶ ካበቃ በኋላ አባቴ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉና «ተነሥ!» ይላሉ።

እኔንም ትምህርት ቤት እንዳይረፍድብኝ ከፍራሼ የሚያስነሡኝ በዚሁ ቃል፣ በዚሁ ድምፅ ነበር። አንዳንድ ቀን ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ ያደርጉታል። ልጅ ሳለሁ በሰውና በአውቶቡስ መካከል ያን ያህል ልዩነት ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ሁለታችንም ጧት ጧት እያጉረመረምን እንነሣለን።

አባቴ በሥራቸው ላይ አንድ ሕግ ነበራቸው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው አንሥቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ግማሽ መንገድ ላይ «ከዚህ ወዲያ አንሄድም» ብሎ የሚያራግፍ ረዳት አይወዱም። «ያነሣኸውን ሰው ካላደረስከው አላነሣኸውም፤ ጣልከው እንጂ» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ስለ አውቶቡስ ብቻ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈሩ ልመለስ። መርካቶ ራሱ የተነሣ ገበያ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ የነበረው አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተማውን የነጭና የሐበሻ ብሎ ለመክፈል በወጣው ዕቅድ መሠረት ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ስሙን እንኳ በራሳቸው ቋንቋ ሰጡት፤ «መርካቶ» በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። አካባቢውም አዲስ ከተማ ተባለ። ያን ጊዜ ነጋዴውን ማን ጠየቀው? ማንም። ጣሊያን ሲወጣ ግን ገበያው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። በተጣለበት ሥር ሰዶ፣ ተራ በተራ እየሆነ፣ የአገሩን ነጋዴ ሁሉ ሰብስቦ አደገ። አውቶቡሶቹም ከጊዜ በኋላ በከፊል ተነሥተው ወደ ላምበረት፣ ወደ ቃሊቲና ወደ ሌሎቹም መናኸሪያዎች ተከፋፍለዋል። እንግዲህ ይህ ሰፈር ከመነሣት ጋር የቆየ ዝምድና አለው።

እኛ የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ቤት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ። የኛም ከእነዚያ አንዱ ነበር። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ለሰባት አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት። አባቴ እዚያው አረፉ። እናቴ እዚያው አረጀች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰፈሩ ለልማት እንደሚፈለግ ተነገረና ከአንድ ጽሕፈት ቤት የመጡ ሰዎች ቅጽ ሰጥተውን ሄዱ። እናቴ ዓይኗ ደክሟልና «አንብብልኝ» አለችኝ። በቅጹ አናት ላይ «ተነሺ» ይልና ሁለት ነጥብ ይከተላል፤ ከዚያ የእናቴ ስም ተጽፏል። እንዳለ አነበብኩላት።

«ማንን ነው ተነሺ የሚለው?» አለች። «እኔን ነው? በዚህ ዕድሜዬ? ምናለ ‹ይነሡ› ቢሉ?»

ትእዛዝ እንዳልሆነ፣ ስም እንደሆነ፣ ለልማት ሲባል ከቦታው የሚነሣ ሰው በመንግሥት ወረቀት እንዲህ ተብሎ እንደሚጠራ አስረዳኋት። በእርግጥም ቃሉ የቅጽ ጸሐፊ ፈጠራ አይደለም፤ የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት፣ ስለ ካሣውና ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ሌሎቹን ሰፈሮች ሲነካ ቃሉ በከተማው ሁሉ አፍ ገብቷል። እናቴ አዳምጣኝ ስታበቃ ጥቂት ዝም አለች።

«ስም ከሆነ ይሁን» አለች። «ግን እኔ መች ተነሣሁ? ሰው ነው ያነሣኝ።»

እኔ በቋንቋ ጉዳይ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ከዚህ የተሻለ የሰዋስው ትምህርት ግን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። እንግሊዝኛው «ፒክ አፕ» ሲል አንሺውና ተነሺው ይለያያሉ፤ ማን ማንን እንዳነሣ ቢያንስ መጠየቅ ግድ ይላል። የእኛ «ተነሣ» ግን ሁለት ፊት አለው። በገዛ እግሩ ብድግ ያለም ተነሣ ነው፤ ሌላ ሰው ብድግ ያደረገውም ተነሣ ነው። «ተነሺ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንሺውን ከዓረፍተ ነገሩ አስወጥቶ፣ ነገሩ ሁሉ የእናቴ ፈቃድ እንዲመስል ያደርጋል። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል። ቃሉ ያመቻል።

ደግሞም መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩትን ባዶውን «ነሣ» አልረሳሁትም። እሱ ምንም ሳይቀጠልለት ሲቆም መከልከል፣ መውሰድ ነው። እንቅልፍ ነሣኝ፣ ሰላም ነሣኝ እንላለን። ጠላቱን ድል ነሣ እንላለን፤ የተሸነፈውን ደግሞ ድል ተነሣ እንላለን። እንግዲህ በአማርኛ የተነሣ ሁሉ ከፍ ያለ አይደለም። ድል የተነሣም አለ። ለታላቅ ሰው ዝቅ ብለን እጅ የምንነሣውም፣ ጉዳያችን እንዲያልቅ እጅ መንሻ የምናቀርበውም ከዚሁ ቤት ነው። አንዲቷ ግሥ ከፍታም ዝቅታም አላት፤ ስጦታም ነጠቃም አላት።

ሐቁን ለመናገር እናቴ ሁለቱንም አግኝታለች። የደረሳት ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቧንቧና መጸዳጃ ከቤቷ ውስጥ ሆነላት። ውኃው በመጣ ቀን ቧንቧውን ትከፍትና ትዘጋዋለች፤ ሲፈስ ማየት ብቻ ደስ ይላታል። ይህ መነሣት ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። በጭቃ ቤት ውስጥ ያላደረ ሰው ብቻ ነው የጭቃ ቤት ናፍቆት የሚጽፈው።

በወሩ ልጠይቃት ስሄድ ግን ዓይኗ አብጦ አገኘኋት። «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» አልኳት።

«ዝምታው እንቅልፍ ነሣኝ» አለች።

ዘመኗን ሁሉ በአውቶቡስ ሞተር፣ በረዳት ጩኸት፣ በጡሩንባ መሐል የተኛች ሴት ናት። አሁንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ትነቃለች። የሚነሣ አውቶቡስ የለም፤ የምታስነሣው ልጅ የለም። ይህን ከነገረችኝ በኋላ ዋናውን ነገር አመጣችው። ጎረቤቶቿ ዕጣው እንደወጣላቸው ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ። «ይኸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ብሞት ማን ያነሣኛል?»

ይህ የሽማግሌ ምሬት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አስከሬን የሚያነሣው እድር ነው። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያቀርበው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው እሱ ነው። እድር ደግሞ በጉርብትና የቆመ ነገር ነው፤ ጥሩንባው ሲነፋ በእግሩ የሚደርስ ሰው ይፈልጋል። ለቤቱ ምትክ ይሰጣል፤ ለንብረቱ ካሣ ይገመታል። ለአርባ ዓመት በየወሩ የተዋጣ ጉርብትና ግን በየትኛው ዓምድ ይሞላ?

ደግነቱ የሰፈራችን እድር ዳኛ ብልህ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል አባላቱን ሰብስበው «ቤታችን ይነሣል፤ እድራችን ግን አይነሣም» አሉ። የእድሩ ዕቃ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ከቀረ አንድ አባል ግቢ ተቀመጠ። ጥሩንባው ቀርቶ ስልክ መደወል ተጀመረ፤ ሰው ሲሞት አባላቱ ከየአቅጣጫው ታክሲ ይዘው ይመጣሉ፤ ለራቁት መጓጓዣ ከእድሩ ገንዘብ ይከፈላል። የወር መዋጮ የሚከፈለው አሁንም እዚያው ነው። እናቴ በየወሩ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት ታክሲ ተሳፍራ ትሄዳለች። መዋጮውን እኔ ልክፈልልሽ ብላት አሻፈረኝ አለች። «መዋጮው አይደለም፤ እንዲያዩኝ ነው» አለች።

እንግዲህ የቃሉ ነገር ይህን ይመስላል። ማንሣት ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ጽዋ ያነሣ ተረኛ ድግሱን ይደግሳል፤ ክርስትና ያነሣ ልጁን ይጠይቃል፤ ተሳፋሪ ያነሣ ያደርሳል። አዋጁም ራሱ ተነሺዎች ብሎ ሲያበቃ መልሶ መቋቋምን አብሮ ጠርቷል፤ መቋቋም ደግሞ መቆም ካለበት ቤት የወጣ ቃል ነው። ስለዚህ «ተነሺ» የሚል ወረቀት የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ክፍት ቦታዎች ቢተው ደስ ይለኛል፤ ማን አነሣው? የት አደረሰው? የሚሉ። አባቴ ቢኖሩ ሁለተኛውን አስቀድመው ይጠይቁ ነበር።